አታንሳው

መምህሩ ለገመድ ጉተታው ከዓሣ አጥማጆች የተዋሱትን ገመድ ከመምህራን ቡድኑ ጋር ይዞ በሐይቁ ዳር ጭቃማ ሜዳ ፊሽካውን ጠበቀ። ከፊት ለፊቱ፣ ሌላውን ጫፍ ከያዘው የአስተዳደር ቡድን ፊት፣ ርዕሰ መምህሩ ቆሟል። አምና በዚሁ የስፖርት ቀን የመምህሩ እህት በሴት መምህራን ሩጫ መጨረሻ ስትወጣ «ኤሊያችን መጣች!» ብሎ በድምፅ ማጉያ ተማሪውን ሁሉ ያሳቀባት እሱ ነበር። ልቧን እያመማት ነበር የሮጠችው፤ ረመዳን ሳይገባ ሞተች።

ፊሽካው ተነፋ። መምህሩ ገመዱ እስኪወጠር ጠበቀና «ልቀቁ!» አለ። መምህራኑ አስቀድመው ተማክረው ስለነበር ሁሉም በአንድ ጊዜ ለቀቁት። ርዕሰ መምህሩ ከነከረባቱ፣ ከነቡድኑ፣ ጭቃው ውስጥ በጀርባው ተዘረረ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ።

«ወላሂ ወገቤ! አንተ፣ እጅህን ስጠኝ እንጂ!» ብሎ ጭቃ የለበሰ እጁን ዘረጋ።

መምህሩ ሳያስበው ጎንበስ አለ። ከእህቱ ጋር ያዩዋቸው የህንድ ፊልሞች ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያልቁት፤ አክተሩ የጣለውን ጠላቱን መልሶ ያነሣዋል። እሷ ደግሞ ሁልጊዜ ቴሌቪዥኑ ላይ ትጮኽ ነበር፤ «አንተ ጅል፣ አታንሳው!» ያን ሁሉ ዓመት ስትጮኽ አንድም አክተር ሰምቷት አያውቅም።

መምህሩ ቀና አለና እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ።