ዲዮቅልጥያኖስ በአሌክሳንድሪያ

«ክርስቲያኖቹን አቅርቡልኝ!» ብሎ በፍቃዱ እጁን እንደዘረጋ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ለፊልም ቀረጻ የተከራዩት መጋዘን በር ተከፈተ። የገቡት ግን የንስሐ አባቱ መምሬ እንግዳወርቅ ነበሩ።

ራሳቸው ላይ ነጭ ጥምጥም፣ ከቀሚሳቸው በላይ የብርድ ጃኬት፣ እጃቸው ላይ መስቀል። በሩ ላይ ቆመው ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቁ። ከዚያ ሮማን አዩ፦ የካርቶን ዓምድ፣ አንሶላ የለበሰ ሸንጎ፣ ከሁሉም በላይ በኮምፔንሳቶ ዙፋን ላይ የሰማዕታቱን ገዳይ ዲዮቅልጥያኖስን ሆኖ የተቀመጠ የገዛ የንስሐ ልጃቸውን።

በፍቃዱ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

መምሬ ባለፈው ሳምንት ደውለውለት ነበር። «ፌስቡክ ላይ የሚባለውን ሰምተሃል? ፊልሙ ያንን አረመኔ በስተርጅናው ዙፋኑን ትቶ ጎመን ሲኮተኩት ያሳያል አሉ። ሰው አስመስሎ! ተው ልጄ።»

«ትቻለሁ አባቴ» አላቸው።

አልተወም። ፊልሙ ተጋምሷል፤ ያለ ንጉሡ አይጨረስም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የበፍቃዱ ሥራ ሆቴል ደጃፍ ቆሞ ለሰው በር መክፈት ነው። አሜሪካ ከገባ ወዲህ ሌላው ቆሞ እሱ የሚቀመጥበት ቦታ ቢኖር ይህ ዙፋን ብቻ ነው። ችግሩ የልጁ የሄለን ተክሊል እሑድ መሆኑ ነው። መምሬ «ልጄ ናት፣ አውቃታለሁ» ብለው ካልመሰከሩላት ደግሞ ተክሊል የለም።

ሸንጎው መስቀሉን አየ።

የሮማ ሸንጎ ማለት ከጎረቤት ከተማ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጡ መዘምራን ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም። ንግሥቲቱ ሜሮን አንሶላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ቀድማ ሄደች። ከኋላዋ ክርስቲያን አሳዳጁ ሁሉ ተራ ይዞ ተሰለፈ። አንድ ወታደር ጦሩን ግድግዳ አስደግፎ ጫማውን ማውለቅ ሲጀምር ጓደኛው ጎሸመው፦ «ኧረ መጋዘን ነው!»

ሁሉም ተነሣ። ከንጉሡ በቀር።

መነሣት አልቻለም። ጠዋት ካባው እየተንሸራተተ ቢያስቸግር፣ ዙፋኑን የሠራው ቴዎድሮስ ጫፉን ከዙፋኑ ጀርባ ጋር በሚስማር ቸንክሮታል። ካባው ደረቱ ላይ ከታሰረው የፕላስቲክ የጦር ልብስ፣ ከጥሩሩ ጋር ተሰፍቷል። ጥሩሩ ደግሞ የታሰረው ከጀርባ ነው፤ የለበሰው ሰው እጅ አይደርስበትም።

«ቢኒ» አለ በፍቃዱ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ኧረ ንቀሉኝ።»

አዘጋጁ ቢንያም ዓይኑን ከካሜራው አላነሣም። «እንዳይንቀሳቀሱ ጋሼ! ካሜራው ሮል እያደረገ ነው። ሸንጎው በሙሉ ለመስቀል ሲነሣ እርስዎ ብቻዎን ቁጭ! ይኼንን እኔ ቁጭ ብዬ ብጽፈው አይመጣልኝም ነበር። ትንሽ ንቀት ይጨምሩበት።»

«ንቀት አይደለም፣ ሚስማር ነው!»

«አሪፍ! ልክ እንደዛ!»

መምሬ የመጨረሻውን ወታደር አሳልመው ወደ ዙፋኑ መጡ። ከደረጃው ሥር ቆመው መስቀሉን ከፍ አደረጉ። በፍቃዱ አንገቱን አሰገገ። ካባው ጉሮሮውን ሲጥ አደረገው። በከንፈሩና በመስቀሉ መካከል ስንዝር የማትሞላ ክፍተት ቀረች። «አባቴ» ሊል ፈልጎ የወጣው የታነቀ ድምፅ ብቻ ነበር።

መምሬ ጠበቁ። ለሰው ጊዜ መስጠት ያውቁበታል። ሰጥተው ሰጥተው ሲያበቁ መስቀሉን ወደ ጃኬታቸው መለሱ።

«ንጉሥ ለቄስ አይነሣም» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ለሄለን ሌላ አባት ፈልጉላት።»

ወጡ።

በፍቃዱ ያን ጊዜ ተነሣ። ካባው አልተቀደደም፤ ሚስማሩም አልተነቀለም። ቴዎድሮስ አንዴ ከመታ መታ ነው። የተነሣው ዙፋኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጎንበስ ብሎ ዙፋኑን እንደ ኤሊ አዝሎ ደረጃውን ወረደ። የካርቶኑ ዓምድ ተደፋ። ቢንያም «ኦ ማይ ጋድ» አለ፤ ካሜራውን ግን አላቆመም።

በሩ ጋ ሲደርስ ራሱ ወጣ፣ ትከሻውም ወጣ፤ ዙፋኑ እንቢ አለ። ወደፊት ቢል የለም፣ ወደኋላ ቢል የለም። ተቀረቀረ።

«አባቴ!»

መምሬ መኪናቸውን ከፍተው አንድ እግራቸውን አስገብተው ነበር። ዞር አሉ።

«ያልተነሣሁት ንቄ አይደለም! ቸንክረውኝ ነው!»

«ማን?»

«ቴዎድሮስ!»

መምሬ እግራቸውን ከመኪናው አወጡ። ቀስ ብለው መጥተው ፊቱ ቆሙ። «ትቻለሁ ብለኸኝ አልነበር?»

በፍቃዱ የሚዞርበት ቦታ ቢኖረው ፊቱን ያዞር ነበር። «ዋሸሁ» አለ።

«ለምን?»

«መቀመጡ ጣመኝ አባቴ።»

መምሬ ከላይ እስከ ታች አዩት። የሚታየው ግማሹ ነው፤ የቀረው ሮማ ውስጥ ነው። መስቀሉን አውጥተው ግንባሩን ነኩት፤ ከንፈሩ ላይ አሳረፉት። ከዚያ መልሰው ከተው የጃኬታቸውን እጅጌ ሰበሰቡና ሁለት እጁን ያዙ።

«እሑድ ይኼንን አዝለህ ነው የምትመጣው?» ብለው መጎተት ጀመሩ።

ከውስጥ ቴዎድሮስ «ዙፋኑን! ዙፋኑን ያዙ፣ ሊሰበር ነው!» ብሎ ጮኸ። ሸንጎው ተረባርቦ የዙፋኑን እግሮች ጨበጠ።

መምሬ ወደ ውጭ ሳቡ። ሮማ ወደ ውስጥ ሳበች። በፍቃዱ በመካከል ተወጥሮ፣ እግሩ ቀስ እያለ መሬት ለቀቀ።