የአምባዛው ልክ

ነጋዴው ሰላሕ ከምጥዋ በበርሜል ያመጣው ትልቅ የባሕር አምባዛ፣ ከለመደው ጨው ጨው ከሚል ውሃው ጋር ወደ አዲሱ የመስታወት ሣጥን ሲገለበጥ፣ ሱቁ ደጃፍ የተሰበሰበው የሰቆጣ ሰው እልል አለ። የሣጥኑ ሠሪ አናጢው ምንዋጋው ግን እልልታው ሳያልቅ ፊቱ ጠቆረ። ዓሣው አፉ አንዱን ጫፍ ነክቶ፣ ጅራቱ ከሌላው ስንዝር ብቻ ርቆ፣ መዞር አቅቶት ተጋደመ።

«ጋሼ ምንዋጋው፣ ልኩን አልወሰዱም እንዴ?» አለ ሰላሕ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እንዴታ! ከራሱ እስከ እግሩ በገመድ ለክቼ፣ ስንዝር ጨምሬ...»

«እግሩን እስቲ ያሳዩን!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ፤ ደጃፉ በሳቅ ተሞላ።

ምንዋጋው አልሳቀም። ምን ያድርግ፣ እጁ የለመደው የሬሳ ሣጥን ነው። እስከ ዛሬ ከለካቸው ሰዎች አንድም ከገባ በኋላ ልዙር ያለ አልነበረም። አምባዛው በረጅም ጢሙ መስታወቱን ዳሰሰ፣ ደግሞ ዳሰሰ፣ መዞሪያ ሲያጣ ዝም አለ። ሽማግሌው ወደ ውሃው ጎንበስ ብሎ፣ «ይቅር በለኝ፣ በሕይወት መኖርህን ረሳሁት» ሲል አንሾካሾከ። ከዚያም ቀና ሳይል፣

«ሰላሕ ልጄ፣ በርሜሉን አቅርብልኝ» አለ፤ «እሱ እንኳ ክብ ነው።»