የልጆቹ ቡድን ውስጥ የገባው ሰው

በኮሮናው ዓመት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ፀሐይወርቅ የሹም አቦ ሰፈርን ልጆች በቴሌግራም ሰበሰበቻቸው። በነፃ የተለቀቀ ትምህርት ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ ፈልጎ የሚመርጥ ሰው ነው የጠፋው። ባሏ ክንዱ በቢሮው ኢንተርኔት ቪዲዮውን ያወርዳል፣ መልመጃውን ያትማል። እሷ በየክፍሉ ለይታ ትልካለች። የታተመውን ክንዱ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ ለእናቶቹ ያድላል።

ሒሳቡን የሚያርመው መልካሙ ነበር። መልካሙ ግቢዋ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየ፣ ኮሌጁ ስለተዘጋ እቤት የዋለ ወንደላጤ መምህር ነው። አንገቱ ላይ ትልቅ የእንጨት መስቀል ያንጠለጥላል። ልጆቹ የሠሩትን ፎቶ አንስተው ሲልኩለት የእያንዳንዱን ስህተት በድምፅ ቀርጾ ያስረዳል። ክፍልፋይ ሲባል ታለቅስ የነበረችው ሪሃብ አሁን ታናሽ ወንድሟን ፈሀድን ማስተማር ጀምራለች። ትምህርት ቤት ሲከፈት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ይጠብቃታል።

የሪሃብ እናት ዘይነት አንድ ቀን በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ቃል የማታባክን ሴት። ስልኳን ዘረጋች።

«አንብቢው። እኔ ድምፄን አውጥቼ አላነበውም።»

የጻፈው ገብረ መስቀል የሚባል ሰው ነው። ፎቶው ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ጽሑፉ ግን ስለ ዘይነት ዳሌ ነው። ቢጫ ሂጃብ አድርጋ ወረቀት ልትወስድ የመጣች ዕለት እንዴት እንዳያት፣ ልጆቿ ሲተኙ ምን ልታደርግለት እንደሚገባ ይዘረዝራል።

ፀሐይወርቅ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ስሙ የእናንተ ሰው ስም ነው» አለች ዘይነት።

«የራሱ መስሎሻል? ቄስ ለመምሰል ያወጣው ነው፣ ባለጌ።»

ፀሐይወርቅ በማዘጋጃ ቤት ፈርማ ያገባች ሴት ናት። ለዚህም አማቷ እስከ ዛሬ ይቅር አላሏትም። ቢሆንም እመቤታችንን ለእንዲህ ያለ ቆሻሻ መሸፈኛ ማድረጉን ልትታገሠው አልቻለችም።

ስትጠይቅ ለሌሎችም እናቶች ተጽፎላቸዋል፤ አፍረው ነው ዝም ያሉት። ሰውየውን ከቡድኑ አስወጣችው። በግል መጻፉን ቀጠለ። የአንዷንማ መልእክት ያነበበው ልጇ ነው፤ እሱ የሚማርበት ስልክ ላይ ነው የመጣው። እናቶቹ እየተከታተሉ ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ።

«ይህ ሰው ካልተገኘ እኔም ልጆቼን አወጣለሁ» አለች ዘይነት። ሪሃብ ከወጣች ቡድኑ አለቀለት።

ፀሐይወርቅ ነገሩን ለባሏ ስታነሣ መልእክቱን ማንበብ አፈረች። ለእናቶች ጸያፍ ነገር እየተጻፈ ነው አለችው፤ በዚሁ ዘጋችው።

ክንዱ ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። «ፀሐይ፣ ራስሽ አስቢው። ዘይነት ያን ቢጫ ሂጃቧን አድርጋ ስትመጣ እዚህ ግቢ ቁጭ ብሎ ካልሲውን ሲያጥብ የነበረ ማን ነው? የእናቶቹ ሁሉ ቁጥር ያለውስ?»

እውነቱን ነው። ይህን አለማሰቧ ገረማት።

ከዚያ ወዲህ ክንዱ አመሻሽ ላይ ሊናፈስ ወደ ጣና ዳር ሲወጣ፣ እሷ በረንዳው ላይ ተቀምጣ መልካሙን ትጠብቃለች። መልካሙ ስልኩ ላይ ያጎነብሳል። ፈገግ ይላል። እሷ ስትጠጋ ስልኩን ይደፋዋል። ትንሽ ቆይቶ ከእናቶቹ አንዷ ትደውላለች። «ደግሞ ጻፈልኝ» ትላለች።

ፀሐይወርቅ ያንን የእንጨት መስቀል ባየች ቁጥር ምራቋ አፏ ውስጥ ይመርራታል። መስቀል አንጠልጥሎ፣ ገብረ መስቀል ተብሎ! በዚያ አፉ ነው ለልጆቹ ክፍልፋይ የሚያስረዳው። እሷ ባበደረችው ብርጭቆ ነው ውኃ የሚጠጣው።

በመጨረሻ በሩ ላይ ቆመች።

«ቤቱን ልቀቅልኝ። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል።»

መልካሙ ነገሩ እስኪገባው ጊዜ ወሰደ። ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ ፀሐይወርቅ፣ እኔ አላደረግሁትም። ይኸው ስልኬ፣ ከፍተው ይዩት። የምጻጻፈው ከእጮኛዬ ጋር ነው።»

«ያንተን ስልክ? በእጄ አልነካውም።»

ፍራሹን ክንዱ ራሱ ተሸክሞ ባጃጁ ላይ ጫነለት። መልካሙ ወደ ዘንዘልማ ሄደ። ሪሃብ ደብተሯን እንደያዘች መንገድ ዳር ቆማ አየችው፤ ለምን እንደሚሄድ የነገራት አልነበረም። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ምክንያቱን ሲያወራ ዋለ።

መልካሙ በወጣበት ዕለት ሌሊት ክንዱን ብርድ ብርድ አለው። ጎረቤት ኮሮና ነው ብሎ ሸሸ፤ ሲመረመር ወባ ሆነ። አልጋ ላይ ወድቆ ቃዠ፣ ተንቀጠቀጠ። ፀሐይወርቅ ቀን ከሌት ላቡን ስትጠርግ ሰነበተች።

ደግነቱ መልእክቱ ቆመ። አንዲት እናት እንኳ አልደወለችም። ዘይነት የሎሚ ፌስታል ይዛ ሕመምተኛውን ልትጠይቅ መጣች። «አልሐምዱሊላህ፣ ነቀርሳውን አወጣሽልን» አለች። የወጡት ልጆች ተመለሱ። ሒሳባቸውን የሚያርም ሰው ብቻ ጠፋ፤ ሪሃብም አንድ ጥያቄ ይዛ ሳምንቱን ሙሉ ስትጠብቅ ቆየች።

«ሌላ እናገኛለን፤ ዋናው መጽዳታችን ነው» አለች ፀሐይወርቅ።

ትኩሳቱ አልበርድ ሲል የክንዱ እናት ከአንበሳሜ መጡ። ምራታቸውን እንደ ነገሩ ሳም አድርገው በቀጥታ ወደ ልጃቸው ሄዱ። በማግስቱ ቄስ ይዘው መጡ።

ቄሱ ጠበሉን አስቀምጠው መጽሐፋቸውን ገለጡ። ክንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ያቃስታል።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉ።

ፀሐይወርቅ የልጆቿን ታውቃለች። የባሏን ጠይቃ አታውቅም። ወደ አማቷ ዞረች።

«ገብረ መስቀል ነው፣ አባ» አሉ አማቷ።