ሳሩ ወይስ ጠጠሩ

ባል እንደሚያወራው፣ አምና ላንጋኖ ሳሩ ላይ ሰፍረው፣ ሌሊት ዘንቦ ተጎታች ቤታቸውን ጭቃ ስለዋጠባቸው ሁለት ቀን ተሰቃዩ። ሚስት እንደምታወራው ደግሞ፣ ባሏ ሥራውን ረስቶ አብሯት የዋለው እነዚያን ሁለት ቀናት ብቻ ነው።

ዘንድሮም እዚያው ደርሰው፣ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጡ ይከራከራሉ።

«ጠጠሩ ላይ አቁሚ፤ ሰኞ ሥራ አለብኝ።»

«ጠጠር ለማየትማ የሰፈራችን መንገድ ምን አነሰው?»

የባል ስልክ ጮኸ። አለቃው ናቸው።

«ዕረፍትህን አቋርጥና ነገ ጠዋት ቢሮ ድረስ።»

ሚስት መሪውን እንደያዘች ጆሮዋን ጣል አደረገች። ባል እሷን አየ፤ ሐይቁ ላይ የጠቆረውንም ደመና አየ።

«ምን ላድርግ ጋሽ ተካልኝ፤ ጭቃ ውጦን መንቀሳቀስ አቃተን እኮ!»

ሚስት በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ደረቁን መሬት አየች።

ባል ስልኩን ዘጋ።

«ቶሎ በይ፣ ዝናቡ ሳይቀድመን፤ ሳሩ ላይ!»