የእሜቴ ማሞቂያ

በሩን በገዛ ቁልፉ ከፍቶ ገባ። ሳያንኳኳ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ሱቅ ደርሶ የተመለሰ ይመስል። ከሄደ ስምንት ወሩ ነው።

“እሜቴን ልወስዳት ነው የመጣሁት” አለ፤ ያቀፈውን የፕላስቲክ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ።

እሜቴ እባቧ ናት። ኩራቷን አይቶ ስሙን ያወጣላት እሱ ነው፤ “ለሁለት ሳምንት ያዢልኝ” ብሎ ጥሏት የሄደውም እሱ። ሚስቱ ያኔ እባብ ቀርቶ እንሽላሊት ስታይ ወንበር ላይ የምትወጣ ሴት ነበረች። ይሄው ዛሬ መጣና “አንቺስ እንዴት ነሽ?” እንኳ ሳይል እባቧን ጠየቀ። እርር ድብን አለች።

ሣጥኑን ከፍታ አየችው። ከሥሩ ጥቁር የማሞቂያ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሽቦው በቀጥታ ወደ ስፒናው ይሄዳል፣ በመሃል ምንም የለም።

“ቴርሞስታቱስ?”

“የምን ቴርሞስታት?”

“ሙቀቱ ሲበዛ የሚያጠፋው።”

“ኧረ ባክሽ፣ የነጋዴ ማጭበርበሪያ ነው። እባብ እኮ ናት፣ ሙቀት ትወዳለች። ድሮም እንዲሁ ሶኬት ላይ ሰክቼ ነበር የማሳድራት። ምን ሆነች?”

“ምን ሆነች?” አለች። ጥግ ላይ ወዳለው የመስታወት ሣጥን ሄዳ ክዳኑን አነሳች፤ እሜቴን በሁለት እጇ አውጥታ ክንዷ ላይ አስጠመጠመቻትና ሆዷን ወደ እሱ አዞረችው። ነጩ ቅርፊት መሃል ላይ ተጨማዶ ጠቁሯል።

“ይሄንን ሆነች። አንተ በሄድክ ሳምንት ነው ያየሁት፣ ውሃ ቋጥሮ። በፎጣ ጠቅልዬ ለእንስሳት ሐኪም ስወስዳት ከእሷ ይልቅ የምንቀጠቀጠው እኔ ነበርኩ።”

አንዴ አየት አደረገና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

“ድኗል እኮ” አለ።

ድኗል እኮ። ጉድ እኮ ነው። ደሟ ፈላ። የእሱን ማሞቂያ ሶኬት ላይ ሰካችው።

“እጅህን አስገባ።”

“ምን?”

“መዳፍህን ምንጣፉ ላይ አድርግ። በቃ እስክልህ እንዳታነሳ።”

ሳቀባት፤ ግን አደረገው። መጀመሪያ “ደስ ይላል እንዲያውም” አለ። ቆየት ብሎ ሳቁ ጠፋ፣ እግሩን ቀያየረ፣ መኪና ውጭ እየጠበቀው እንደሆነ ነገራት። ከዚያ እጁን መንጭቆ አወጣ።

“አቃጠለኝ እኮ!”

“አነሳህ።”

“ታዲያ ልቃጠልልሽ?”

“እሷ አታነሳም። ሐኪሙ ነው የነገረኝ። ሙቀት ከላይ፣ ከፀሐይ ነው የምታውቀው። ከሆዷ ሥር ሲግልባት ሞቀኝ ብላ እዚያው ትተኛለች። አትጮህም፣ አትሸሽም። ቆዳዋ እየተቃጠለ፣ ሞቀኝ ብላ...”

ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። እሱን ስትጠብቅ ያመሸችበትን ሶፋ ዞር ብላ አየችው፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ከዚያ ነቀለች። እሱ አላስተዋለም። መዳፉን እፍ እፍ እያለ ነበር።

እሜቴን ቀስ ብላ ወደ ቤቷ መለሰቻት። ሙቀት የሚለካው ቀጭን ሽቦ ከቦታው አለመነቃነቁን በጣቷ ዳሰሰች፣ ክዳኑን ቆለፈች። እሷ ያስገጠመችው ቴርሞስታት ቀጭ ብሎ የማሞቂያው መብራት ጠፋ፤ ይበቃል ማለቱ ነው። ከዚያ የእሱን ስፒና ነቀለች፣ ሽቦውን ጠቀለለች፣ ሣጥኑን መልሳ አስታቀፈችው።

“ባዶውን?”

“ባዶውን።”

“የኔ ናት እኮ። በገንዘቤ የገዛኋት።”

“ያቃጠልካትም አንተ ነህ። አልሰጥህም። ክሰሰኝ ከፈለግክ።”

እንዲህ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም። ባዶውን ሣጥን ብብቱ ሥር ወሸቀው።

እጇን ዘረጋች። “ቁልፉን።”

ኪሱን ሲዳብስ ቆየ። በመጨረሻ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው። ከገላው የወጣ ነውና ቁልፉ ሞቅ ይላል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና እጇን አነሳች።