አልተኛ ያለ ፀጉር

በዚያ ክረምት ዝናቡ አላባራም። ቡናው ረገፈ፤ የጎሬ መንገድ ተቆረጠ፤ ባለቤቴ ሮማነወርቅ በሳንባ ምች ሞተች። አረንጓዴ ጥለት ባለው ነጠላዋ ገንዘን ቀበርናት። ለልጅ ልጃችን ለትንቢት፣ «የሠርግሽን ሹሩባ እኔ ነኝ የምሠራው፤ ዕዳ ይሁንብኝ» እንዳለቻት ቀረች።

የትንቢት የግንባር ፀጉር እንደ ጃርት ይቆማል። ሁልጊዜ ጠዋት በውሃ አርሳ ቅባት ትቀባዋለች፤ እኔ በመዳፌ ስጫነው በሻሽ ታስረዋለች።

ሠርጓ በጥር ሆነ። ከተማችን መቱ አቧራ ብቻ ነበረች። በማለዳ ፀጉር ሠሪዋ ቀረች። ትንቢት ልታለቅስ ደርሳ ዓይኗን ጨፍና መስታወት ፊት ተቀመጠች።

«ሙሽራው አይቶሽ ይሸሻል» አልኳት።

«የእርስዎን መላጣ አይቶ መች ሸሸ!»

ውሃ ላመጣ ወጣሁ። ተመልሼ ደጃፉ ላይ ስደርስ፣ «ማሎ አባባ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ፤ ያማል» አለች።

ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ትንቢት፣ እኔ በር ላይ ነኝ።»

ዓይኗን ገለጠች። የግንባሯ ፀጉር ተኝቶ፣ እንደ ሮማነወርቅ እጅ ሥራ ቀጭን ሹሩባ ሆኗል። ጫፉ በአረንጓዴ የጥለት ክር ታስሯል።

ትንቢት ክሩን ነካችና ጣቷን አየች።

«አባባ፣ ጭቃ ነው።»