በዳንቴሉ ሥር

ፎቶ በወረቀት ማተም ከቀረ ቆይቷል። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ ምስሉ ያለበት አንድ ስክሪን ይሰጣል፤ ምስሉን ወደ ሌላ መቅዳት ክልክል ነው። እትዬ ዘርፌ የልጃቸውን የትርሲትን ስክሪን አቧራ እንዳይነካው በነጭ ዳንቴል ሸፍነው፣ እሁድ እሁድ ብቻ ይገልጡታል።

ዛሬ ሲገልጡት ትርሲት ጥርስ አልነበራትም። የዓይኗ ነጭም ጠቁሯል።

ስክሪን ጠጋኙ ሀብቴ የስክሪኑን ጀርባ ከፍቶ ብዙ ቆይቶ አየ።

«እትዬ፣ መስታወቱን የሚያበሩት ከፀጉር የቀጠኑ የካርቦን መርፌዎች ናቸው። ኤሌክትሮን ሲተፉ ያልቃሉ። ነጭ ነጩን ያበሩት ቀድመው አለቁ። ለመሆኑ ያጠፉት ነበር?»

«ልጄን ምን ብዬ አጠፋታለሁ? ሸፍኜ አስተኛታለሁ እንጂ!»

ሀብቴ አቀረቀረ። እሳቸውም ያን ጊዜ ገባቸው።

«በአዲስ ቀይርልኝ፤ እግርህ ላይ ልውደቅ!»

«ምስሉ ያለው መርፌዎቹ ላይ ነው፤ አይቀየሩም። አሁን ካጠፋነው ግን የቀረው ፊቷ ይቆያል።»

«አጥፍቼስ በምን አያታለሁ?»

ሀብቴ እጁን ወደ ማጥፊያው ሲሰድ አንጓውን ጨምድደው ያዙት።

«ተው! የምታልቅ ከሆነ እያየኋት ትለቅ። ስድስት ዓመት በጨርቅ ሥር ብቻዋን ነው የበራችው።»